የእማዬ መድኃኒት በእትዬ በረዶ ቤት

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እታለምዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሲያስቸግርሽ የከረመው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ሥራሽስ፣ እንቅልፍሽስ? አንድ ክፍል አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ ደኅና ናት? ብርዱ አለፈላችሁ ወይስ አሁንም ካፖርታችሁን ለብሳችሁ ነው የምትተኙት? እኛ እዚህ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ደኅና ናት። ይኼ ግን በስልክ ስነግርሽ የከረምኩት «ደኅና ናት» አይደለም። የስልኩ ውሸት ነበር፤ የዛሬው እውነት ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት ነው ወረቀት ያነሳሁት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። እማዬን ታውቂያታለሽ። ገና ሃሎ ሳትይ ጆሮዋን ከጆሮዬ ትለጥፋለች፤ ስለ እሷ ጤና አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። ልብስ ሰፊ በመርፌ ቢወጋ ያባት ነው፤ እኔን ግን የጨረሰኝ የእናቴ ጥፍር ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን እሷው ራሷ «ጻፍላት» ብላ አዝዛኝ ነው። ለምን እንዳዘዘችኝ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ። አስቀድሜ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እማዬን የያዛት የስኳር በሽታ ነው። አትደንግጪ፤ ከያዛት ቆይቷል፣ አሁን በመድኃኒት ተይዟል። እኔ ነገሩን ያወቅኩት በልብሷ ነው። ያንን አንቺ የላክሽላትን ሰማያዊ ቀሚስ ጎኑን አጥብብልኝ ብላ አመጣችልኝ፤ አጠበብኩላት። ብዙ ሳይቆይ ደግማ አመጣችው። «ጨርቁ በእጥበት ሰፋ መሰለኝ» አለች። የቱ ጨርቅ ነው በእጥበት የሚሰፋው? ለሦስተኛ ጊዜ ይዛው ስትመጣ ሜትሬን በወገቧ ዙሪያ አዙሬ ቁጥሩን ደግሜ አነበብኩ። የአንዲት ኮረዳ ወገብ ነው የያዝኩት። ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው ጉንጮቿ ገብተዋል። በየቀኑ አብሬያት እየበላሁ አላየሁትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው። ውኃ አጠጣጧም ሌላ ነበር፤ ጆጉን ጨርሳ ሳታስቀምጠው ደግማ ትሞላዋለች። ስንጠይቃት ሙቀቱ ነው ትላለች።

እንደምንም ለምነን ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ቦታውን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተሠራው። ካርድ ለማውጣት ተሰለፍን፣ ከካርድ ክፍል ወደ አግዳሚ ወንበር፣ ከአግዳሚው ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ እንደገና ወደ አግዳሚ። እማዬ በመሃል «ሳልታመም መጥቼ በወረፋ ልታመም ነው» እያለች አጠገቧ ያሉትን ታስቃለች። ጤና መኮንኑ ውጤቱን ሲነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። «ስኳር? እኔን? ሻይ በሁለት ማንኪያ ጠጥቼ አላውቅም! ይኼ የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ?» አለችው። እሱም ስኳር ደጃፍ አይመርጥም እማማ አላት።

መጀመሪያ ኪኒን ሰጧት። በሥርዓት ዋጠች፤ ስኳሩ ግን የእሷን ጠባይ ወረሰ መሰለኝ በዋዛ የሚበገር አልሆነም። ኋላ መርፌ ታዘዘላት፤ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ። ዕድሜ ልክ ሲሏት «ማንን ገድዬ ነው?» አለች። እዚያ አንዲት ነርስ አለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጨዋታ የማያልቅባት። ብርቱካን አምጥታ መርፌ አወጋግ አስተማረችን። እማዬ በሁለተኛው ሙከራ እንደ ባለሙያ ወጋችው። ዕድሜዋን ሙሉ የልብስ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት መርፌ ምን ያስፈራታል?

ችግሩ መርፌው አልነበረም። ኢንሱሊን የሚባለው መድኃኒት ሙቀት አይችልም። ነርሷ «ፍሪጅ አላችሁ?» ስትለን እኔና እማዬ ተያየን። የቤታችንን ቆርቆሮ ታውቂዋለሽ፤ እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ የቆመ ሻማ ወገቡ ይጎብጣል። የጤና ጣቢያው ፍሪጅ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ነው፣ ሌላ ነገር አይገባበትም። ቢገባበትስ ጠዋትና ማታ ድልድይ እየተሻገረ ማን ይመላለሳል? ነርሷ ይኼንን ስታይ ብልቃጡን በሸክላ ማሰሮ ከእርጥብ አሸዋ መሃል አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት ብላ መከረችን። እንዳለችው አደረግን። እማዬ ግን ውኃ ይገባበታል ብላ ሠጋችና ለማንም ሳትናገር ብልቃጡን ከአሸዋው አወጣችው። በመሐረብ ጠቅልላ ከቁም ሣጥኑ ላይ ከቆርቆሮው ሥር ሰቀለችው። መቼም የከበረ ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ ካልተቀመጠ ደስ አይላትም።

እዚያ ላይ መድኃኒቱ ተበላሸ። እሷ ግን ጠዋት ትወጋዋለች፣ ማታ ትወጋዋለች። እኔም ስትወጋ አያለሁና ልቤ አርፏል። አንድ ቀን ማስመለስ ጀመራት፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተ፣ ስናናግራት ቃል ይጠፋባታል። ያን ሰሞን ስትደውዪ «ገበያ ሄዳለች» ያልኩሽ ሆስፒታል ተኝታ ነው። ባለቤቴ ከጎኗ ሆና የተሰካላትን ጠብታ ስትጠብቅ እኔ ደጅ ቆሜ ነበር የዋሸሁሽ። ስትወጣ ነርሷ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ብታነሳው እንደ ረጋ ወተት ጓጉሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። አልተቆጣችም። ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ፈልጉ፣ ሌላ ምርጫ የላችሁም አለች።

እንግዲህ በሰፈራችን ፍሪጅ ያለው ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ከአጥራችን ማዶ ያለችው፣ ለስላሳና በረዶ የምትሸጠው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ በረዶ» የሚላት ባለ ሱቅ ናት። እማዬ ደግሞ ስሟን አትጠራም፤ «ያቺ» ነው የምትላት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እናታችንና እሷ ሆድና ጀርባ ናቸው።

ያኔ አንቺ ነፍስ አውቀሽ ነበር፤ እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ የማውቀው እማዬ ስታወራ የሰማሁትን ነው። አባዬ ከግንባታ ሥራው ተመልሶ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ዝናቡ አገር ምድሩን ያጥለቀለቀበት ቀን ነበር። እማዬ በባዶ ራሷ ሮጣ የእትዬ በረዶን በር አንኳኳች፤ ባሏ የጭነት መኪና ነበረው፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ እያየችው ነው። ሴትዮዋ ወጥታ «መኪናው ተበላሽቷል» አለቻት። የሰፈሩ ወንዶች አባዬን በቃሬዛ ተሸክመው ወጡ፤ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ አረፈ። በሦስተኛው ቀን ያ መኪና ለስላሳ ጭኖ በደጃችን አለፈ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ከዚያ ሱቅ ክብሪት እንኳ ገዝታ አታውቅም። የሴትዮዋም ባል ሞቷል፤ እማዬ ለቅሶ አልሄደችም።

ስለዚህ ለእማዬ ሳልነግር ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ በረዶ ነገሬን እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ፍሪጁን ከፈተችና በሩ ላይ ካለው መደርደሪያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ ቦታውን በጨርቅ ወለወለች። «ላይኛው ክፍል አይሆንም አይደል? በረዶ ይሆናል» አለችኝ። አዎ፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል አልኳት። «በል አምጣው። ግን የመድኃኒቱ ባለቤት ራሷ ትምጣና ትውሰድ። አንተ ስፌት ላይ ከተቀመጥክ ዓለም ትጠፋሃለች፣ ትረሳዋለህ።» እውነቷን ነው፣ እረሳለሁ።

እማዬ ስትሰማ ቤቱ ተናጋ። «በሷ በረዶ ከምድን በፀሐይ ብሞት ይሻለኛል» አለች። ለመንኳት፤ ባለቤቴ ለመነቻት፤ ልጃችን ሚጢጢ አለቀሰችባት። እምቢ። በቀጠሮዋ ቀን ለነርሷ ነገርኳት። ነርሷ እማዬን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «እማማ፣ ኩራትም ይወጋል፣ ኢንሱሊንም ይወጋል። አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱን አይችሏቸውም» አለቻት። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ፀጉሯን አበጥራ፣ ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ሰው ተኮሳትራ ወጣች።

በሱቁ መስኮት ቆማ፣ ማንንም ሳታይ፣ «ዕቃዬን» አለች። እትዬ በረዶ ብልቃጡን አቀረበችላት። አውጥቶ ማመላለሱ መድኃኒቱን ያሞቀዋልና እዚያው ከሱቁ ጓሮ፣ ከለስላሳ ሣጥኖቹ መሃል ገብታ መወጋት ነበረባት። አንዱ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እትዬ በረዶ መርፌ ማየት አትችልም፤ ግድግዳ ዞራ ቆመች። አንዷ ሆዷን ገልጣ ትወጋለች፣ አንዷ ጀርባዋን ሰጥታ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ቃል የለም። ጠዋት እንዲህ፣ ማታ እንዲህ። እኔ በአጥሩ ሥንጥቅ ሳይ ሳቅም እንባም ይመጣብኝ ነበር።

ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቃል የመጣው በአንድ ደንበኛ ምክንያት ነው። ሰውየው የተሰነጠቀ ጠርሙስ መልሶ ሲከራከር እማዬ ከጓሮ ሆና «ስንጥቁ የቆየ ነው፣ አፈር ይዟል፣ አትቀበዪው» ብላ ጮኸች። ከዚያ ደግሞ እትዬ በረዶ ግድግዳ እንደዞረች «ቁርስ በልተሻል? ሳይበሉ አይወጉም ይባላል» አለች። እማዬ «ማን ነገረሽ?» አለቻት። ነርሷን በመንገድ አግኝታ ጠይቃት ኖሯል።

መብራት የጠፋበት ሰሞን ደግሞ ነበር። ቀናት ሙሉ ጨለማ። ፍሪጁ ሞቀ፣ ለስላሳው ሁሉ ሞቀ፣ ያለው የተረፈ በረዶ ብቻ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት መጥቶ እጥፍ ልክፈልሽ ብሎ ቢለምናት አልሸጥም አለች። ብልቃጡን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ፣ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው አድርጋ፣ በባልዲ ይዛ አሳደረችው፣ አዋለችው። ይኼንን የነገረን ተቀይሞ የመጣው የመጠጥ ቤቱ ሰውዬ ነው፤ «ለእናትህ መርፌ ብላ ደንበኞቼን የፈላ ውኃ አጠጣችብኝ» አለኝ። እማዬ ውስጥ ሆና ሰምታለች። ያን ቀን ማታ ስትሄድ አመሰግናለሁ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ግን የቤታችንን ፋኖስ ይዛላት ሄደች።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን ልምጣ። እማዬ ለደም ምርመራ ሳትበላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ላብራቶሪው መብራት አልነበረውም፤ ይመጣል ይመጣል እያሉ እስከ ቀትር አስቀመጧት። በባዶ ሆዷ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በእግሯ ተመለሰች። እኔ ክርና ዚፕ ልገዛ ገበያ ነበርኩ፤ ባለቤቴና ሚጢጢም የሉም። እማዬ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ሱቅ ሄደች፤ የጠዋቱ መርፌ አምልጦኛል ብላ። እትዬ በረዶ «በልተሻል?» ስትላት «አዎ» አለች። ተወጋች። ተነሳችና «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» ብላ ወጣች።

እትዬ በረዶ ኋላ እንደነገረችኝ፣ «እናትህ እህቴ ስትለኝ ነው የታመመች መሆኗ የገባኝ። ጤነኛ ብትሆን አትለኝም።» ወዲያው ተከትላት ሮጠች። እማዬ በራችን ጋ ደርሳ ቁልፉን መክፈት አቅቷት በረንዳው ወለል ላይ ተዘርግታለች፤ በላብ ተጠምቃ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ የአባዬን ስም እየጠራች። ያቺ ሴት ወደ ሱቋ ተመልሳ ለስላሳ ከፍታ አመጣች፤ ጭንቅላቷን ደግፋ ጠብ ጠብ እያደረገች በከንፈሯ አስገባችላት። ትንሽ ዋጠችላት። ከዚያ መንገድ መሃል ገብታ ቆመች። አሸዋ የጫነ መኪና መጣ። ሹፌሩ አይቶ «ይቺ ሴትዮ እኮ እየሞተች ነው፤ መኪናዬ ላይ ብትሞት መዘዙ ለኔ ነው» አለ። እትዬ በረዶ በሩን ከፍታ የእማዬን ጭንቅላት እየደገፈች «ከሞተች ገዳይዋ እኔ ነኝ በል። ሱቄ ያውልህ፣ ክፍት ነው፣ የትም አልጠፋም። ንዳ!» አለችው። ነዳ። ሱቁ ክፍቱን ቀረ።

እኔ ሰምቼ የገዛሁትን ክር እንደታቀፍኩ ጤና ጣቢያው ስደርስ እማዬ ጉሉኮስ ተሰክቶላት ዓይኗን ገልጣለች። እግሮቿ እትዬ በረዶ ጭን ላይ ናቸው፤ ሴትዮዋ በሁለት እጇ ታሻቸዋለች። እንዳልረብሻቸው በሩ ጋ ቆምኩ። እትዬ በረዶ አንገቷን ደፍታ፣ «ያን ቀን መኪናው አልተበላሸም ነበር» አለች። እማዬ «አውቃለሁ» አለቻት። «ቁልፉ በባሌ ኪስ ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። የሚሞት ሰው ጭኜ መዘዝ አልገዛም አለኝ። ወጥቼ ለአንቺ ተበላሽቷል ከማለት ሌላ አፌ ቃል አጣ። ዛሬ ያ ሹፌር ያንኑ ነገር ሲለኝ...» ብላ የእማዬን እግር ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ነርሷ ልትለካት ስትመጣ እማዬ እጇን ያዘችና፣ ደረቱን የያዘው ሰው ያኔ ቶሎ መኪና ቢያገኝ ይተርፍ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ያቺ ጨዋታ የማያልቅባት ነርስ ያን ጊዜ አልተጫወተችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አላውቅም እማማ። ያኔ እዚህ ጤና ጣቢያ ራሱ አልነበረም፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነበር። ሊተርፍ ይችል ነበር፣ ላይተርፍም ይችል ነበር። ዋሽቼ ላሳርፍዎ አልችልም» አለቻት።

እታለም፣ እኔ እዚያ ቆሜ ስንት ዓመት በቤታችን የኖረውን ቂም አሰብኩ። እማዬ ቂሟን የያዘችው በሴትዮዋ ላይ ብቻ አልነበረም መሰለኝ። መንገድ ያልነበረው አገር፣ ሐኪም ያልነበረው ሰፈር፣ ዝናቡ፣ ድልድዩ ... እነዚህን ማንን ብለሽ ትቀየሚያቸዋለሽ? ፊት ያለው ሰው ያስፈልጋል። ፊት ያላት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያለችው ብቻ ነበረች። ይኼንን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እሷም የእኔን ፍልስፍና አትወድም። ብቻ ዘግይታ ለሴትዮዋ፣ «ይቅር አላልኩሽም» አለቻት። እትዬ በረዶ እጇን ልታነሳ ስትል ደግሞ፣ «እግሬን ግን አትልቀቂው፣ በርዶኛል» አለች።

ነርሷ ከመሄዳችን በፊት የእትዬ በረዶን ፊት አይታ ደም ግፊቷን ለካቻት። ሰማይ ነክቷል። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ተለክታ አታውቅም፤ ራስ ምታቷን የፍሪጁ ድምፅ ነው እያለች ትኖር ነበር። ዛሬ የሁለቱም ቀጠሮ አንድ ቀን ነው። እማዬ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እየተጨቃጨቁ ድልድዩን ይሻገራሉ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ጨው ቀንሺ፣ አንቺ ስኳር ቀንሺ ይባባላሉ። የአናጢው ሚስትም ያው በሽታ ኖሮባት ደብቃው ኖሯል፤ አሁን የእሷም ብልቃጥ ከእማዬ ብልቃጥ ጎን ተቀምጧል። እንቁላሎቹ ቦታ አጥተው በቅርጫት ናቸው።

አሁን እማዬ ጻፍላት ያለችኝ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ባለፈው ስትደውዪ ገንዘብ አጠራቅሜ ለእማዬ ፍሪጅ እልካለሁ አልሽን። ሙቀት እንደማትችል ስለነገርኩሽ ነው። ደስ አለን። ከዚያ እየሳቅሽ፣ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በእንፋሎት ሊጨርሰኝ ነው፣ ውኃ ጠጥቼ አልጠግብ አልኩ፣ ቀበቶዬ ቀዳዳ አለቀበት፣ ኮረዳ ሆኛለሁ አልሽ። እኔም ሳቅኩ። እማዬ አልሳቀችም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «እኔም ሙቀቱ ነው እያልኩ ነበር» አለች። ጠዋት ስነሳ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣዋለች። «የኔን ሁሉ ጻፍላት። ምንም እንዳትደብቅ፤ የደበቅኩትንም ጻፍ» አለችኝ።

እታለምዬ፣ ነርሷን ጠየቅኳት። ይህ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል አለችኝ። እኔ ጣቴን ተወግቼ ተለካሁ፤ ለአሁኑ ነፃ ነኝ፣ በየጊዜው ግን እየመጣህ ተለካ ብላኛለች። አንቺ የመኖሪያ ወረቀትሽ ገና ስላልወጣ ሐኪም ቤት ደጃፍ እንደማትደርሺ አውቃለሁ። ስሜን ቢጠይቁኝስ፣ ቢይዙኝስ ትያለሽ። ፍርሃትሽን አልንቀውም፤ እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ። ነርሷ ግን በየትም አገር ወረቀት ሳይጠይቁ የሚያክሙ የበጎ አድራጎት ክሊኒኮች አይጠፉም፣ መድኃኒት ቤቶችም ጣት ወግተው ይለካሉ አለችኝ። የክፍል ጓደኛሽን ጠይቂያት፤ ከአንቺ ቀድማ የሄደች ናት፣ ታውቅ ይሆናል። አብራሽ ትሂድ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ብቻሽንም አትቅሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እንደ ተረት እሰማው ነበር፤ በእናቴ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነው የገባኝ። ፍሪጁን ተይው። የእማዬ መድኃኒት ቦታ አለው። ያጠራቀምሽውን ለራስሽ ሐኪም አድርጊው። ምናልባት በእርግጥ እንፋሎቱ ይሆናል፤ እንዲሆን እጸልያለሁ። ግን ተለክተሽ ነው ማወቅ ያለብሽ፣ ተስፋ አድርገሽ አይደለም።

ለክፍል ጓደኛሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በዓይን ባላውቃትም እህቴን አደራ ብያታለሁ በያት። ባለቤቴ ስማ አትጠግብሽም፤ ሙቀት እንጂ ብርድ የማይገባው ሹራብ እየሠራችልሽ ነው፣ ልክሽን ግን ከተለካሽ በኋላ ነው የምንወስደው ብላለች። ሚጢጢ እጆችሽን ትስማለች፤ ጥርሷ ወልቆ «ስ» ማለት ስላቃታት «ሳምኩሽ» ስትል በስልክ ብትሰሚያት ትስቂያለሽ። እትዬ በረዶ ሰላም ብላሻለች። አዎ፣ እሷ። መስኮቷ ጋ ጠርታኝ፣ «ለታላቂቱ ልጅ ሰላም በልልኝ፣ የምትቀበለኝ ከሆነ» አለችኝ። መቀበል አለመቀበሉ ያንቺ ነው፤ እኔ መልእክቱን አድርሻለሁ።

እማዬ ዓይንሽንና ግንባርሽን ትስማለች። ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ «ሳትመረመሪ እንዳትደውዪልኝ በላት» አለች። ጻፍኩት። ሄደች። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ መጣችና፣ «አይ፣ ሰርዘው። ትደውል ብቻ» አለች። አልሰረዝኩትም እታለም፤ ሁለቱንም እንዳለችው ጽፌልሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ልብስ ሰፊው
ከእናታችን ቤት በረንዳ
የካቲት ፱ ቀን